ሞዴሉ ባለቤቱ በሌለበት ይሠራል ወይ? የጋራ የሳይንስ ሞዴሎች ጥራት እንዴት ይታያል

እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን ትዕግሥት የሚፈታተን ሥራ ጨርሶ ውጤቱን አሳተመ። በሳይንስ መጽሔቶች ላይ የወጡ 455 የሒሳብ ሞዴሎችን ሰብስቦ አንድ በአንድ ኮምፒውተር ላይ አስኬዳቸው። ሞዴሎቹ በሕያው ሴል ውስጥ የሚካሄዱ ሂደቶችን የሚገልጹ ናቸው። ጥያቄው አንድ ነበር። መጽሔቱ ላይ የተሳለው ግራፍ እኛም ጋ ይወጣል?

49 በመቶው አልወጣም። ቡድኑ ተስፋ ሳይቆርጥ አንዳንዱን ራሱ እያረመ፣ አንዳንዱን ደግሞ ደራሲዎቹን እየጠየቀ ቀጠለ። በዚህ መንገድ 12 በመቶ ያህሉ ተሳካ። የቀረው 37 በመቶ ግን በምንም ዘዴ እሺ አላለም።

ይህን ሲሰሙ ብዙዎች መጀመሪያ የሚያስቡት ማጭበርበር ነው። ቡድኑ ያገኘው ምክንያት ግን ከዚያ በጣም ተራ ነው። የአንድ ቁጥር ዋጋ ሳይጻፍ ቀርቷል። የአንድ ንጥረ ነገር መነሻ መጠን ተረስቷል። ወይም ጽሑፉ ላይ ያለው እኩልታና የወጣው ውጤት አይገጥሙም። ሞዴሉ በደራሲው ኮምፒውተር ላይ ይሠራ ነበር። ያለ ደራሲው ግን ቆመ።

እንዲህ ያለው ነገር እንዳይደገም ነው ለሞዴል ማከማቻዎች የጥራት መስፈርት የሚወጣው። መስፈርቱ ምን እንደሚጠይቅ፣ ምን እንደማይጠይቅም እንይ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሞዴል ሲባል ምንድን ነው?

ሳይንሳዊ ሞዴል የአንድን ነገር አሠራር በሒሳብና በኮድ የሚገልጽ ጽሑፍ ነው። ኮምፒውተሩ ጽሑፉን እየተከተለ "እንዲህ ቢሆንስ?" ለሚል ጥያቄ መልስ ያሰላል። ጎርፍ፣ የበሽታ ስርጭት፣ የልብ ምት፣ የአየር ንብረት፣ ሁሉም ሞዴል አላቸው።

በዘርፉ ሁሉም የሚያውቀውን ምሳሌ ልጥቀስ። በ1952 አለን ሆጅኪን እና አንድሩ ሃክስሊ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ሳይንቲስቶች ነርቭ መልእክት የሚያስተላልፍበትን መንገድ በእኩልታ ጻፉ። ያጠኑት ስኩዊድ የሚባለውን የባሕር እንስሳ ወፍራም ነርቭ ነበር። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር በዚያ ሰሞን እየተሻሻለ ስለነበር ሃክስሊ ስሌቱን የሠራው በእጅ እጀታ በሚዞር የሒሳብ ማሽን ነው። ሥራው በ1963 የኖቤል ሽልማት አስገኘላቸው።

ይህ ሞዴል ዛሬም በየማከማቻው አለ። አንድ ተማሪ አውርዶ በደቂቃዎች ውስጥ ሊያስኬደው ይችላል። ምክንያቱም ሁለቱ ሰዎች እኩልታውን ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱን ቁጥርና ሁኔታ ጽፈው አስቀምጠዋል።

ያም ሆኖ ላልተጠነቀቀ ሰው ሁለት ወጥመድ አለው። እኩልታዎቹ የተጻፉት 6.3 ዲግሪ ሴልሺየስ ለሆነ ሙቀት ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ሂደቱ 3 እጥፍ እንደሚፈጥን ደራሲዎቹ ወስደዋል። ስለዚህ ኮዱን ሲገለብጥ "6.3" የምትለዋን ቁጥር የጣለ ሰው የሚያገኘው ነርቭ ፍጥነቱ ሌላ ነው። ሁለተኛው ወጥመድ የፕላስና የማይነስ ጉዳይ ነው። በዋናው ጽሑፍ የኤሌክትሪኩ ምልክት ዛሬ ከለመድነው የተገለበጠ ነው። ዜሮም የተባለው ነርቩ አርፎ ያለበት ደረጃ ነው። ይህን ሳያውቁ የጥንቱን እኩልታ ከዘመናዊ ቁጥር ጋር ያቀላቀለ ሰው ኮዱ ያለ ምንም ቅሬታ ይሄድለታል፤ የሚወጣው ግን የተሳሳተ ነገር ነው። ኮምፒውተር ስህተት መሆኑን አይነግርም።

ማከማቻው ከተራ ፋይል ማስቀመጫ በምን ይለያል?

የሞዴል ማከማቻ፣ በዘርፉ ሪፖዚተሪ የሚባለው፣ ተመራማሪዎች የሠሩትን ሞዴል ለሌላው የሚያኖሩበት የጋራ ቦታ ነው። የነርቭ ሳይንስ ሰዎች ዬል ዩኒቨርሲቲ ከ1990ዎቹ ጀምሮ የያዘው ሞዴልዲቢ አላቸው። የሴል ባዮሎጂ ሰዎች በ2005 የተከፈተው ባዮሞዴልስ አላቸው፤ የሚተዳደረው በእንግሊዝ ሂንክስተን በሚገኘው የአውሮፓ ባዮኢንፎርማቲክስ ተቋም ነው። የሰዎችን ወይም የእንስሳትን መንጋ አንድ በአንድ እያስመሰሉ የሚያጠኑት ደግሞ ኮምሴስ የተባለውን ይጠቀማሉ።

ፋይል ማስቀመጥ ብቻ ከሆነ ጊትሀብም ዜኖዶም ይበቃል። ሁለቱም ጠቃሚ ናቸው፤ ዜኖዶማ ለሚቀመጥበት ለእያንዳንዱ ሥራ የማይለወጥ ቋሚ መለያ ቁጥር ይሰጣል። የውስጡን ይዘት ግን አይመረምሩም። ጥሩ የሞዴል ማከማቻ ከዚህ አንድ እርምጃ ያልፋል። የተቀመጠው ነገር ሌላ ሰው እጅ ሲገባ ይጠቅመው እንደሆነ ይጠይቃል።

ታዲያ ጥራት የሚባለው ምኑ ነው?

ሆስፒታል ውስጥ የሌሊት ፈረቃ የሚረከብ ሐኪም አስቡ። ቀን ታካሚውን ያየው ሐኪም ሄዷል፤ ስልኩም ተዘግቷል። የቀረው ካርዱ ብቻ ነው። ካርዱ ላይ "መድኃኒቱ 5 ይሰጠው" ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ምን ያደርጋል? 5 ምን? ሚሊግራም ነው ሚሊሊትር? በቀን ስንት ጊዜ? የትኛው መድኃኒት? የቀኑ ሐኪም ጎበዝ ሊሆን ይችላል። ካርዱ ግን አይረዳም።

ሞዴልም እንደዚሁ ነው። የጥራት መስፈርት የሚመለከተው ደራሲው ጎበዝ መሆኑን ሳይሆን ካርዱ መሟላቱን ነው።

በባዮሎጂው ዘርፍ ይህን በግልጽ የጻፈው ሚሪያም የተባለው መስፈርት ነው፤ የወጣው በ2005 ነው። የሚጠይቀው ነገር ሲነበብ ተራ ይመስላል። ሞዴሉ ማንም ሊያነበው በሚችል የታወቀ ቋንቋ ይጻፍ። ከየትኛው የታተመ ጽሑፍ እንደመጣ ይታወቅ። ማን እንደሠራው፣ መቼ እንደሠራው ይመዝገብ። የሚያስፈልጉት ቁጥሮች በሙሉ ይኑሩ። ሲሄድም ጽሑፉ ያለውን ውጤት ያውጣ። ይኸው ነው። 37 በመቶ የሚሆኑት የወደቁት ግን እዚሁ ተራ በሚመስለው ነገር ላይ ነው።

"የታወቀ ቋንቋ" የሚለውን ላፍታታው። ደራሲው ሞዴሉን በራሱ ኮድ ከጻፈው ከዓመታት በኋላ ያ ሶፍትዌር ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ የሴል ባዮሎጂ ሰዎች ኤስቢኤምኤል የተባለ የጋራ አጻጻፍ አበጁ። የሙዚቃ ኖታ እንደማለት ነው። ኖታው አንድ ጊዜ በደንብ ከተጻፈ ፒያኖም ቫዮሊንም ያነበዋል። ኤስቢኤምኤልም ብዙ የተለያዩ ሶፍትዌሮች ያነቡታል።

የስም ጉዳይም አለ። አንዱ ተመራማሪ በሞዴሉ ውስጥ ግሉኮስን "ግ" ይለዋል፤ ሌላው "ኤክስ 1" ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱን ሞዴሎች ላገናኝ ያለ ሰው ግራ ይገባዋል። መፍትሔው እያንዳንዱን ነገር ከታወቀ መዝገብ ጋር ማሰር ነው። ኬቢ በተባለው የኬሚካሎች መዝገብ ግሉኮስ 17234 የሚል ቁጥር አለው። ሞዴሉ ውስጥ ይህ ቁጥር ካለ ስሙ ምንም ቢሆን ኮምፒውተሩም ሰውም ስለምን እንደሚወራ ያውቃሉ።

አሃድን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በ1999 ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የተባለችው የናሳ መንኩራኩር ማርስ ላይ ስትደርስ የጠፋችው አንዱ ቡድን በእንግሊዝ የኃይል መለኪያ የሰጠውን ቁጥር ሌላው በሜትሪክ መለኪያ ስለወሰደው ነው። አሃድ የሌለው ቁጥር ቁጥር አይደለም።

ቁጥሩ በጥቂቱ ቢዛባስ ምን ችግር አለው?

አንዳንድ ጊዜ ምንም። አንዳንድ ጊዜ ሁሉንም ነገር።

በ1961 ኤድዋርድ ሎረንዝ የተባለ የሚቲዎሮሎጂ ሊቅ የአየር ጠባይ ሞዴሉን ከመካከል ጀምሮ እንደገና ማስኬድ ፈለገ። ኮምፒውተሩ ቀድሞ ያተመለትን ቁጥር መልሶ አስገባ። ኮምፒውተሩ ውስጥ የነበረው 0.506127 ሲሆን ወረቀቱ ላይ የታተመው ግን 0.506 ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሁለቱ የአየር ጠባዮች ምንም የማይገናኙ ሆኑ።

አሁን የሳይንስ መጽሔቶችን ሠንጠረዥ አስቡ። ገጹ እንዲያምር ቁጥሮች ተጠጋግተው ይታተማሉ። ሠንጠረዡን ብቻ ይዞ ሞዴሉን እንደገና የሚሠራ ሰው የሎረንዝ ዓይነት ነገር ሊገጥመው ይችላል። ስለዚህ ጥሩ ማከማቻ የሚፈልገው ደራሲው በእርግጥ የተጠቀመበትን ፋይል ነው፤ ከነሙሉ ቁጥሩ።

ሞዴሉ እንዴት እንደተሞከረም መጻፍ አለበት። ለስንት ሰዓት ነው የሄደው? በየትኛው የስሌት ዘዴ? ዕጣ የሚጠቀም ሞዴል ከሆነ ዕጣው ከየትኛው ቁጥር ተነሣ? ለዚህም ሴድኤምኤል የተባለ ራሱን የቻለ አጻጻፍ አለ። ሞዴሉ አንድ ፋይል፣ ሙከራው ሌላ ፋይል ይሆናል። እኔ ይህን መለያየት በጣም እወደዋለሁ፤ አንዱን ሞዴል አሥር ሰው በአሥር መንገድ ሊሞክረው ይችላልና።

ማን ነው የሚፈትሸው?

የባዮሞዴልስ አሠራር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። አጣሪ ባለሙያዎች አሉ። የታተመውን ጽሑፍ ያነባሉ፤ ሞዴሉን ከጽሑፉ ጋር ያመሳክራሉ፤ ከዚያ ያስኬዱታል። ማስኬዱ ከተቻለ ደራሲው ባልተጠቀመበት ሶፍትዌር ይሆናል። ቢያንስ አንድ ዋና ግራፍ ከወጣላቸው፣ ስያሜዎቹን ከመዝገቦች ጋር አስረው "የተጣራ" ከሚባለው ክፍል ያስገቡታል። ካልወጣላቸው ወይም ገና ካልደረሱበት "ያልተጣራ" በሚባለው ክፍል ይቆያል። አይጣልም።

በሌላ ሶፍትዌር መሞከሩ ለምን አስፈለገ? ምክንያቱም ደራሲው በተጠቀመበት ሶፍትዌር ውስጥ የተደበቀ ልማድ ሊኖር ይችላል። ለምሳሌ ያልተጻፈን ቁጥር ዜሮ ብሎ የሚሞላ ሶፍትዌር የካርዱን ክፍተት ይሸፍነዋል። ሌላው አይሸፍነውም።

ሥራው አድካሚ ነው። የአንድ ሞዴል ማጣራት ቀናት ሊበላ ይችላል፤ የአጣሪው ስም ደግሞ ከጽሑፉ ደራሲዎች ጋር አይቀመጥም። ይህ የሚገባቸውን ክብር ያላገኙ ሰዎች ሥራ መሆኑን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም።

ኮምሴስ ሌላ መንገድ ይከተላል። ሞዴሉን ያስገባ ሰው ከፈለገ በእኩዮቹ እንዲገመገምለት ይጠይቃል። ገምጋሚዎቹ ኮዱ ንጹሕ መሆኑን፣ መግለጫው መሟላቱን፣ በእርግጥ መሄዱን ያያሉ። ለመግለጫው በ2006 የወጣው ኦዲዲ የተባለ የአጻጻፍ ሥርዓት ያግዛል። የሞዴሉ ዓላማ ምንድን ነው፣ በውስጡ እነማን አሉ፣ በየተራ ምን ያደርጋሉ የሚሉትን በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ያስጽፋል። በዚህ ዘርፍ ገና ብዙ ይቀራል። በ2017 የታተመ አንድ ጥናት ከ2,300 በላይ ጽሑፎችን ሲያይ የሞዴሉን ኮድ ለሕዝብ ያቀረቡት 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ።

የተጣራ ሞዴል ትክክለኛ ሞዴል ነው ማለት ነው?

አይደለም። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው።

"የተጣራ" ማለት ሞዴሉ አደርጋለሁ ያለውን ያደርጋል ማለት ነው። ዓለም በእርግጥ እንደዚያ መሆኗ ሌላ ጥያቄ ነው። አንድ ካርታ ሠሪው እንደሳለው በጥንቃቄ ቢታተም እንኳ ወንዙ ዛሬ በዚያ በኩል ላይፈስ ይችላል። የመጀመሪያውን ማተሚያ ቤቱ ያረጋግጣል። ሁለተኛውን ለማወቅ ወንዙ ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።

በኮሮና ጊዜ ይህ ልዩነት በግልጽ ታየ። በመጋቢት 2020 በኒል ፈርጉሰን የሚመራው የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ቡድን ያወጣው ሪፖርት መንግሥታትን አስደነገጠ። ሪፖርቱ የወጣበት የበሽታ ስርጭት ሞዴል በሺዎች የሚቆጠር መስመር ያለው አሮጌ ኮድ ነበር። ተስተካክሎ ለሕዝብ ሲለቀቅ ፕሮግራመሮች አጥብቀው ተቹት። አንዳንዶቹም "ውጤቱ ሊደገም የማይችል ነው" አሉ። በሰኔ ወር የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ኮዱን አስኪዶ የሪፖርቱን ዋና ውጤቶች ደግሞ ማውጣት እንደቻለ አስታወቀ።

ይህ ምን አረጋገጠ? ቁጥሮቹ በእርግጥ ከዚያ ኮድ እንደወጡ። ሰዎች እቤት ሲዘጋባቸው ሞዴሉ እንደገመተው ይሆናሉ ወይ የሚለውን አላረጋገጠም፤ እሱን ለማረጋገጥም አልተነሣም። በዚያን ጊዜ የነበረው ጭቅጭቅ ግን ሁለቱን ጥያቄዎች ቀላቅሏቸው ነበር። አንዱ ወገን "ተደገመ፣ ስለዚህ እውነት ነው" ሲል ሌላው "ኮዱ ቆሻሻ ነው፣ ስለዚህ ውሸት ነው" ይል ነበር። ሁለቱም ከማስረጃው አልፈው ሄደዋል።

ሞዴሉ እስከ የት ድረስ ይታመናል?

ለእኔ ከመስፈርቶች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። እያንዳንዱ ሞዴል የሚሠራበት ክልል አለው። ከክልሉ ውጪ ሲወጣ መልስ መስጠቱን አያቆምም። ይሰጣል። መልሱ ግን መሠረት የለውም።

በጥር 2003 ኮሎምቢያ የተባለችው የጠፈር መንኩራኩር ስትነሣ ከነዳጅ ታንኩ የተገነጠለ የአረፋ ቁራጭ ግራ ክንፏን መታ። ምድር ላይ የነበሩት መሐንዲሶች ጉዳቱን ለመገመት ከተጠቀሙባቸው መሣሪያዎች አንዱ ክሬተር የተባለ ሞዴል ነበር። ክሬተር የሙቀት መከላከያ ጡቦች በትናንሽ ስብርባሪ ሲመቱ ምን ያህል እንደሚጎዱ ለማስላት የተሠራ ነው። የተሞከረውም በትናንሾቹ ነው። አረፋው ግን በመቶዎች እጥፍ ይበልጥ ነበር። ሞዴሉ ከባድ ጉዳት ሊኖር እንደሚችል ቢያሳይም፣ በትናንሾቹ ላይ አጋኖ የመገመት ልማድ ስለነበረው ውጤቱ ተናቀ። በየካቲት 1 ቀን መንኩራኩሯ ወደ ምድር ስትመለስ ተበታተነች፤ 7ቱም ጠፈርተኞች ሞቱ።

አደጋውን ያመጣው ሞዴሉ አይደለም። ነገር ግን ሞዴሉን የያዙት ሰዎች እስከ የት ድረስ ሊያምኑት እንደሚገባ የሚነግራቸው ግልጽ ነገር አልነበራቸውም። ከዚያ አደጋ የተገኘው ትምህርት ናሳ በ2008 ለሞዴሎች የተለየ መስፈርት እንዲያወጣ አድርጎታል። መስፈርቱ ውጤቱን የሚያቀርበው ሰው ቁጥሩን ብቻ እንዳይሰጥ ያዛል። ሞዴሉ ምን ያህል ተፈትኗል? የአሁኑ አጠቃቀም ከተፈተነበት ክልል ውስጥ ነው? እርግጠኛነቱ ምን ያህል ነው? እነዚህ አብረው ለውሳኔ ሰጪው መቅረብ አለባቸው።

ብዙ ማከማቻዎች ፋይሉን፣ ስሙን፣ ፈቃዱን በደንብ ይጠይቃሉ። ክልሉን ግን ባዶ ሊተውት በሚችል ክፍት ቦታ ያልፉታል። ይህ መለወጥ አለበት ብዬ አምናለሁ።

የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴሎችስ?

ጥያቄው አንድ ነው፤ ሁለት ነገር ይጨመርበታል። አንደኛ፣ እነዚህ ሞዴሎች እኩልታ ተጽፎላቸው ሳይሆን ከመረጃ ተምረው ነው የሚሠሩት። ስለዚህ የተማሩበት መረጃ ካልተገለጸ ካርዱ ባዶ ነው። በ2019 "የሞዴል ካርድ" የሚባል አጭር መግለጫ እንዲኖር ሐሳብ ቀርቦ ዛሬ እንደ ሀጊንግ ፌስ ባሉ ማከማቻዎች የተለመደ ሆኗል። ሁለተኛው የደህንነት ጉዳይ ነው። ፒክል በተባለው፣ ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በሚጠቀምበት አቀማመጥ የተቀመጠ ፋይል ገና ሲከፈት ተንኮል ያለው ኮድ ሊያስኬድ ይችላል። ሴፍቴንሰርስ የተባለው አቀማመጥ የተሠራው ለዚህ ነው፤ ቁጥሮችን ብቻ ይይዛል።

መስፈርቱን ማጥበቅ ብቻ አይበቃም?

አይበቃም። በጣም ከጠበቀ ሰው ሞዴሉን ይዞ እቤቱ ይቀራል። በጣም ከላላ ደግሞ ማከማቻው የማይሠሩ ፋይሎች መጋዘን ይሆናል። ስለዚህ ሁሉንም ተቀብሎ ደረጃውን በግልጽ መጻፍ የተሻለ ይመስለኛል። ያልተጣራ ሞዴል "ያልተጣራ" ከተባለ ማንንም አያታልልም።

ሞዴል ለማውረድ ያሰበ ሰው መጀመሪያ ምን ይይ?

ፈቃዱን። ፈቃድ ያልተጻፈበት ኮድ ለሁሉም ቢታይም በሕግ ለመጠቀም አያመችም፤ ባዮሞዴልስ ላይ ያሉት ሞዴሎች ያለ ገደብ እንዲያገለግሉ ተለቀዋል። ቀጥሎ እትሙን እዩ። መጽሔቱ ላይ የወጣው የትኛው እንደሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ምን እንደተለወጠ ተጽፎ መገኘት አለበት። ከዚያ ምንም ሳትነኩ አስኪዱትና የታተመውን ግራፍ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ተመልከቱ። ካልገጠመ ወደ ራሳችሁ ሥራ አትሂዱ።

ስህተት ካገኛችሁ ለማከማቻው ጻፉ። ጥሩ ማከማቻ እርማቱን ፈትሾ አዲስ እትም ያወጣል፤ የድሮው ፋይልም በዚያው መለያ ቁጥር ሥር ከነስህተቱ ይቀመጣል፣ በእሱ የሠሩ ሰዎች ውጤታቸው ከየት እንደመጣ እንዲያውቁ።